አማካያችን የቆመበት ቦታ

የእድራችን ጡሩንባ ሁለት ሥራ ነበረው። ሰው ሲሞት ይነፋል፤ ክለባችን ሲጫወትም ይነፋል። ይህን ለሌላ አገር ሰው ስነግረው የቀለድሁ ይመስለዋል። እዚህ ደብረ ማርቆስ ግን፣ በተለይ ከስታዲየሙ በታች ባለው ሰፈራችን፣ ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ነገር ነው። ጡሩንባ ነፊው ጎረቤቴና ጓደኛዬ ነው። በአዘቦት ቀን እንጨት ይፈልጣል፤ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እየዞረ ይለፍፋል፤ ጨዋታ ባለበት ቀን ደግሞ ያንኑ ጡሩንባ ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ ትሪቡኑ ላይ ከጎኔ ይቀመጥ ነበር።

መጀመሪያ ይዞት የመጣ ዕለት፣ ቡድናችን ሜዳ ሲገባ ተነሥቶ አንድ ረጅም ነፋ። ጨዋታው ገና ሳይሟሟቅ የሰፈራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹም ተከትለዋቸው የስታዲየሙ በር ላይ ደረሱ። "ማን ነው የሞተብን?" እያሉ ዘበኛውን ያስጨንቁታል። ጓደኛዬ ከላይ ሆኖ ሰማቸውና፣ "እንግዶቹ ናቸው! ትንሽ ታገሡ፣ ገና እያጣጣሩ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሰው በሳቅ ወደቀ። የእድሩ ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም። በሚቀጥለው ስብሰባ አቁመው ጠየቁት። "ሞትና ኳስ እንዴት ባንድ ጡሩንባ ይነፋል?" ተባለ፤ ብዙ ተጨቃጨቁና በመጨረሻ ተስማሙ። ለሞት አንድ ረጅም፣ ሳይቆረጥ። ለኳስ አጫጭር፣ እየተቆራረጠ። ከዚያ ወዲህ የተሳሳተ ሰው አልነበረም፣ እስካለፈው ክረምት መጨረሻ ድረስ።

እኔ መናኸሪያው አጠገብ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። መንገድ ክፍት ሲሆን እሸጣለሁ ማለቴ ነው። ሲዘጋ፣ የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ ነው፣ ሱቄን ከፍቼ ባዶውን መናኸሪያ ሳይ እውላለሁ። ድሮም ቁጡ ነበርሁ፤ ሥራ መፍታት ደግሞ ጨርሶ አከፋኝ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ማጋነን ነው። ሰው ያልሆነውን ሆነ ሲል ጆሮዬ ይግላል፣ ዝም ማለት ያቅተኛል። ትሪቡን ላይ ከስንቱ ጋር የተጣላሁት በዚህ ነው። "ከመሐል ሜዳ መታት" ካሉ "ከሳጥኑ ጫፍ ነው" እላለሁ፤ እስኪያምኑኝም አልለቃቸውም። ሚስቴ "አንተ እኮ ለቅሶ ቤትም ሄደህ ትከራከራለህ" ትለኝ ነበር። እንዳለችውም ሆነ።

የተጫዋቹን ስም አልጽፍም። ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ሌላው ባያውቀው ለእሱ ምኑም አይደለም፣ ድሮም ስሙ እንዲጠራ አይወድም ነበር። የመሐል ተጫዋች ነው፣ አማካይ። ቀጭን ነው፤ ሲሮጥ እንስራ እንደተሸከመ ሰው አንገቱ አይነቃነቅም። ማሊያው ሁልጊዜ ከቁምጣው ውጭ ነው። አብዶ አይሠራም፣ ሰው አይጥልም፣ ከዳኛ ጋር አይነታረክም። ጎል አያገባም። እኔ እስካየሁት ድረስ፣ ያላየሁት ጨዋታ ደግሞ የለም፣ አንዲት ጎል አግብቶ አያውቅም። ኮርነር እንኳ አይመታም ነበር። ወደዚያ ጥግ ሲሄድ ያየሁበት ቀን የለም። አሰልጣኙ ሲለምነው "እዚያ ጥግ ላይ ቆሜ ምን ይታየኛል?" ይል ነበር አሉ።

ታዲያ ምን ይሠራ ነበር? ኳስ ይሰጣል። ኳሷ እግሩ ሥር ብዙ አትቆይም። ወደ ቀኝ እያየ ወደ ግራ ያቀብላል፤ አጥቂው ገና ለመሮጥ ሳያስብ ኳሷ ቀድማ ትጠብቀዋለች። አንድ ቀን ዝናብ ሜዳውን ጭቃ አድርጎት ሳለ ማንም ወደሌለበት ባዶ ቦታ አቀበለ። እኔ ብድግ ብዬ፣ "ለማን ነው የምትሰጠው? ለጮቄ ተራራ ነው?" እያልሁ ሰደብሁት። ስድቤን ሳልጨርስ አጥቂያችን ከየት መጣ ሳይባል እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ደርሶ መታት፣ ገባች። ጓደኛዬ ጡሩንባውን ጆሮዬ ላይ ለቀቀው። ጆሮዬ ሲጮህ አደረ። በዚያ ቀን የተደሰትሁትን ያህል በሠርጌም አልተደሰትሁም፤ ሚስቴም ታውቃለች።

እኛ ደጋፊዎች እሱን የምናወድስበት አንድ አባባል ነበረን፤ "አንድ ቦታ አይቆምም" እንላለን። ተከላካይ የት እንዳለ ይታወቃል፣ በረኛም ይታወቃል። እሱን ግን ከኋላ ስትፈልገው ከፊት ነው፣ ከግራ ስትፈልገው ከቀኝ። ከይጁቤና ከቁይ ለገበያ የመጡ ገበሬዎች እንኳ እህላቸውን ሸጠው ስታዲየም ሲገቡ፣ "ያ አንድ ቦታ የማይቆመው የታለ?" ብለው ይጠይቁን ነበር። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አናውቅም ነበር።

ወደ ላይኛው ሊግ ያለፍንበትን ጨዋታ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ጎሉን ያገባው አጥቂያችን ነው፤ ዛሬ ባጃጅ ይነዳል፣ ቤንዚን ሲገኝ። ኳሷን መሐል ላይ የተቀበለው ግን እሱ ነበር። ሁለት ሰው ከኋላው አለ፣ አንዱ ማሊያውን ጨብጦታል። ዞሮም አላየ። በተረከዙ ነካ አደረጋትና በተከላካዮቹ መሐል ሾለከች፤ አጥቂያችን ከበረኛው ጋር ብቻውን ተገናኘ። ከዚያ አጥቂውን ተሸክመን ከተማውን ዞርን፣ ጡሩንባው ሲነፋ ዋለ። እኔ ከበሩ ሳልወጣ ዞር ብዬ ወደ ሜዳው አየሁ። እሱ መሐል ላይ ቁጢጥ ብሎ ካልሲውን ይስባል። ብቻውን ነው፣ ፈገግ ብሏል።

ታሪኩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ጉልበቱን ታመመና ክለቡን ለቀቀ። ከዓባይ ማዶ፣ ሩቅ፣ አንድ ከተማ ሄዶ ሕፃናትን ኳስ ያስተምር ጀመር። ለዓመት በዓል ይመጣ ነበር፤ ከዚያ ግጭቱ መጣ፣ መንገዱም እንዲህ ሆነና መምጣቱ ቀረ። ክለባችን መጀመሪያ ሌላ ከተማ እየሄደ ይጫወት ነበር፣ በኋላ እሱም ቀረ። የስታዲየሙ በር በሰንሰለት ተቆለፈ። ጡሩንባው ወደ አንድ ሥራው ተመለሰ፤ ሥራ ደግሞ አላነሰውም።

ኳስ ሲቀር ሦስታችን፣ ጡሩንባ ነፊው፣ አጥቂውና እኔ፣ እሑድ እሑድ ሱቄ በር ላይ አሮጌ ጎማ ላይ እየተቀመጥን ያለፈውን ጨዋታ እናወራ ጀመር። ደስ የሚል ነገር እንዳይመስላችሁ። ትዝታ ሲያወሩት የሚበዛ ነገር አይደለም፤ እንደ አሮጌ ሸማ በታጠበ ቁጥር ይሳሳል። አንዱ ጀምሮ ሳይጨርስ ሌላው መጨረሻውን ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ስልክ ሠራና ደወልንለት። ደስ አለው፤ የእናቱን ጤና ጠየቀ፣ ከዚያ "ሜዳው እንዴት ነው? ሣሩን ያጭዱታል?" አለን። ተያየን። አጥቂው "ምን የመሰለ ሆኗል፣ መጥተህ ብታየው!" አለው። እኔ አፌን ልከፍት ስል መስመሩ ተቋረጠ። ድምፁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው የመጨረሻው።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ አጥቂው ሱቄ መጣ። ባጃጁን አልያዘም፣ በእግሩ ነው። ባንኮኒው ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ። "ሞተ" አለኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። መታመሙን እንኳ አልሰማንም ነበር። ሆስፒታል ገብቶ ብዙ አልቆየም አሉ፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር ያገኙን ከተቀበረ በኋላ ነው። አስከሬኑን እንዳናመጣ ተቀብሯል፤ ሄደን እንዳናለቅስ መንገድ የለም። የሚያስተምራቸው ሕፃናት ናቸው የሸኙት አሉ። እኔ ያን ሲነግረኝ እጄ ላይ የነበረውን ዕቃ ግድግዳው ላይ ወረወርሁት።

እናቱ ሌላ ልጅ የላቸውም። ገበያ ጌሾ እየቸረቸሩ ነው ያሳደጉት። ቤታቸው ከስታዲየሙ አጥር ሥር ነው፤ ግን አንድ ቀን ገብተው ሲጫወት አይተውት አያውቁም፣ ቦታው የጎረምሳ ነው ብለው። መርዶውን ለመንገር ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ጎህ ሲቀድ ሄድን። በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ማንም ሳይናገር ዐወቁት፤ በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ ለሌላ ነገር አይመጣም። ቄሱ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ "የት አለ? አመጣችሁት?" አሉ።

ጡሩንባ ነፊው ለመለፈፍ ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። በደንቡ አንድ ረጅም መንፋት ነበረበት። ጀመረው፤ ሲቃ ያዘውና ትንፋሹ ተቆረጠ። እንደገና ጀመረ፣ ተቆረጠ። እንደገና። አጭር፣ አጭር፣ አጭር። በጭጋጉ ውስጥ እያለቀሰ ሲሄድ፣ ሳያውቀው የኳሱን ነፋ።

ያ ድምፅ በሰፈራችን ከተሰማ ስንት ጊዜው ነው! በሮች ተከፈቱ። አንዱ የክለቡን ስካርፍ በሌሊት ልብሱ ላይ ጠምጥሞ ብቅ አለ። ሌላው ማሊያውን እየሮጠ ይለብሳል። "መንገዱ ተከፈተ እንዴ? ክለቡ መጣ?" ይባባላሉ። አንዲት ሴት በራቸው ላይ ቆመው እልል አሉ። አንድ አዛውንት ከዘራቸውን ይዘው እየተጣደፉ፣ "ከማን ጋር ነው? ከማን ጋር ነው ጨዋታው?" ብለው እጄን ያዙኝ። ልነግራቸው የምችል እኔ ብቻ ነበርሁ። ስቆ የወጣን ሰው "ጨዋታ አይደለም አባቴ፣ ሞት ነው" ከማለት የከፋ መርዶ አላውቅም። እጄን ለቀቁና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ብዙው ሰው ማሊያውን ሳያወልቅ ነው ወደ ለቅሶው የሄደው። ሐዘን ቤቱ የክለቡን ቀለም ለብሶ ዋለ፤ ስታዲየሙ እንኳ በደህናው ዘመን እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም።

አስከሬን የሌለበት ለቅሶ መያዣ የለውም። ሰው ወዴት ዞሮ እንደሚያለቅስ አያውቅም። ድሮ ሰው በሩቅ ሲሞት ልብሱንና መሣሪያውን አውጥተው በዚያ ላይ ያለቅሱ ነበርና እኛም ዕቃውን ፈለግን። ማሊያውን ክለቡን ሲለቅ መልሷል። እናቱ ከአልጋ ሥር አሮጌ ታኬታውን አወጡ፣ አንዱ ጥርሱ የወለቀ። ድንኳኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ ነጠላ አንጥፈን አስቀመጥነው።

አልቃሿ ከመርጡለ ማርያም በኩል መጥተው እዚህ የኖሩ፣ ዕድሜ የጠገቡ ሴት ናቸው። ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር የለም። ታኬታውን አገላብጠው አዩትና፣ "በሉ ታሪኩን ንገሩኝ። ምን ጣለ? በምን በለጠ? ምን ብዬ ላልቅስለት?" አሉ። ለገበሬ ሲያለቅሱ በሬውን ያነሣሉ፣ ለጀግና የጣለውን። የኳስ ተጫዋች የሚጥለው ጎል ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ አሰበ መሰል ድንኳኑ ውስጥ ጎል ይቆጠር ጀመር። "በራሱ ገጭቶ አገባት" ይላል አንዱ። "መረቡን በጠሰው" ይላል ሌላው። "ኮርነር መትቶ በቀጥታ አገባ" ያለም አለ። ኮርነር! ጆሮዬ ጋለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኛ ግን እዚያው ተቀምጠን ይደፈርስ ነበር። በመጨረሻ አንዱ ተነሣና ወደ ላይኛው ሊግ ያሳለፈችንን ያቺን ጎል ለሟቹ ሰጠ።

ጎሏን ያገባው አጥቂ አጠገቤ ተቀምጧል። በሕይወቱ ሰው የሚያነሣለት ነገር ያቺ ጎል ብቻ ናት፤ ባጃጁ ላይ እንኳ ቀኗን አስጽፏል። ልናገር ስነሣ ጋቢዬን ጎተተኝ።

"ተው" አለኝ። "ይውሰዳት። ድሮም እሱ ነው የሰጠኝ።"

ተቀመጥሁ። አልቃሿ ታኬታውን ከፍ አድርገው ጀመሩ፦

"መረብ የሚበጥስ የኳሱ አርበኛ፣
ጎል ጠባቂው ሁሉ አንተን ሲያይ ተኛ።"

ድንኳኑ ተናወጠ። ደረቱን የሚደቃ አለ፣ "ወይ ጀግናው!" የሚል አለ። እናቱ ብቻ አላለቀሱም። እጃቸውን ዘርግተው አልቃሿን አስቆሙ። ለቅሶ መሐል ላይ ሲቆም ያን ቀን ነው ያየሁት።

"የማንን ልጅ ነው የምታለቅሱት?" አሉ። "የኔ ልጅ ጎል አግብቶ አያውቅም።"

ታኬታውን እያዩ ቀጠሉ።

"ከኳስ ሲመጣ እጠይቀው ነበር። 'አገባህ ወይ?' እለዋለሁ። 'አይ እማዬ፣ ጓደኛዬ አገባ' ይለኛል። ሁልጊዜ ጓደኛዬ ነው። ኳሱ አልሆንለት ብሎ ሰው የሚስቅበት መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ። አንዲት እንኳ ያግባልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ ብዬ ለማርቆስ ተስዬ ነበር። ጥላውም ሳይገባ ቀረ። ታዲያ ልጄ ከሞተ በኋላ ነው ያገባው?"

ቀና ያለ ሰው አልነበረም። እኛ በእሱ ምክንያት ጉሮሯችን እስኪዘጋ ስንጮህ፣ እሳቸው ከአጥሩ ማዶ ተቀምጠው ጩኸቱ የሌላ ሰው እየመሰላቸው ለልጃቸው ያዝኑለት ነበር። ከስታዲየም ስንወጣ በደጃቸው ነው የምናልፈው። አንድ ሰው ጎራ ብሎ "ልጅዎ እኮ እንዲህ ነው" ያላቸው የለም። ያን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አጥቂው ተነሥቶ ሄደና እግራቸው ሥር ተንበረከከ። "እማማ፣ ያ ጓደኛው እኔ ነኝ" አላቸው። "እኔ ያገባሁትን ሁሉ እሱ ነው የሰጠኝ። እርስዎ እሱን እንዳጎረሱት ነው እሱ እኔን የሚያጎርሰኝ። የኔ ሥራ አፌን ከፍቶ መሮጥ ነበር።"

አልቃሿ ይህን ሰሙና ታኬታውን መልሰው ነጠላው ላይ አስቀመጡት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦

"ለሰው አቀብሎ፣ ለሰውም አጉርሶ፣
እሱ ግን ሳይጎርሳት ቀረ ማዶ ደርሶ።"

እናቱ ያን ጊዜ አለቀሱ።

ሐዘንተኛው ተበተነ፣ ድንኳኑ ፈረሰ። መንገዱ ግን እንደተዘጋ ነው። እናቱ ጠዋት ጠዋት ሱቄ ድረስ እየመጡ፣ "ልጄ፣ ዛሬስ መኪና አለ?" ይሉኛል። መቃብሩን ማየት ነው የሚፈልጉት። መናኸሪያው ባዶ መሆኑን እዚያው ቆመው እያዩ ይጠይቁኛል፣ እኔም እያየሁ "የለም እማማ፣ ምናልባት ነገ" እላለሁ። ነገ እንደማይኖር ሁለታችንም እናውቃለን። መቃብር ያለው ሰው ሄዶ ይቀመጣል፣ አፈሩን ይዳስሳል፣ ዐረም ይነቅላል። እሳቸው የሚሄዱበት የላቸውም። ቤታቸው ሲሆኑ ግድግዳውን፣ ሱቄ ሲመጡ መንገዱን ያያሉ።

አንድ ጠዋት መጡና ስለ መኪና አልጠየቁኝም። "የት ነበር የሚቆመው?" አሉኝ።

"ማን እማማ?"

"ልጄ ነዋ። ሜዳው ውስጥ የቱ ጋ ነበር የሚቆመው? መቃብሩን ካላገኘሁ እግሩ ያረፈበትን አሳዩኝና እዚያ ተቀምጬ ላልቅስ።"

ሱቄን ዘጋሁና ሁለቱን ጠራኋቸው። እንደዚያ ቀን ጥሩ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ አያውቅም። እኛ የማናውቀው የሜዳው ስንዝር የት አለና! ዘበኛው እናቱን ሲያይ ሰንሰለቱን ፈታልን። ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣ በጤዛ ረጥቧል። የጎሉ ብረት ዝጓል፣ መረቡ የለም። "ሣሩን ያጭዱታል?" ያለን ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ጡሩንባ ነፊው እጃቸውን ይዞ መሐል ድረስ ወሰዳቸው። "እዚህ ነበር እማማ" አለ። ሊቀመጡ ጎንበስ ሲሉ አጥቂው ከወደ ታች ተጣራ። "ኧረ እዚህ ነው! ዝቅ ብሎ ነው ኳሷን የሚቀበለው። ከዚህ ነው የሚጀምረው!" ምርኩዛቸውን ይዘው ወደዚያ ሄዱ። እኔ ደግሞ ዝም አልል ነገር፣ "ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" አልሁ። "ያቺን በተረከዝ የሰጣትን ከዚህ ነው የሰጣት፣ ወደ ትሪቡኑ ጠጋ ብሎ። ያኔ የሰደብሁት ደግሞ ከዚያ ማዶ ሆኖ ነው።" ጡሩንባ ነፊው "ምን አባክ ታውቃለህ!" አለኝ። እንደ ድሮው ተጨቃጨቅን። እየሮጥን ቦታ እናሳያለን፣ በእጃችን እንጠቁማለን፣ ኳሷ በየት እንደሄደች በእግራችን እንሠራለን። ለትንሽ ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዞር ስል እናቱ መሐል ላይ ቆመዋል። ከአንዳችን ወደ አንዳችን ሲመላለሱ የቀሚሳቸው ጫፍ በጤዛ ርሷል። ትንፋሽ አጥሯቸዋል። "ልጆቼ፣ ልጄ የቆመበት ቦታ የለውም እንዴ?" አሉ።

አጥቂው ሳያስበው፣ ድሮ እንደምንለው፣ "አንድ ቦታ አይቆምም ነበር እኮ እማማ!" አለ። ካለው በኋላ ነው የሰማው። ያን ቃል ስንት ዓመት በደስታ ጮኸንበታል። እጁን አፉ ላይ ጫነ።

እናቱ ቀስ ብለው ወደ ዳር ሄዱ። እስከ ሜዳው ጥግ፣ የኮርነሩ ባንዲራ ይተከልበት እስከነበረው ድረስ ሄዱና ደክሟቸው እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ተከትለን ደረስን። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ሣሩን በመዳፋቸው እየደባበሱ ቀና ብለው ሦስታችንንም አዩን።

"እዚህስ?" አሉ። "እዚህ ቆሞ ያውቃል?"

ጡሩንባ ነፊው መሬት መሬት ያያል። አጥቂው ፊቱን አዞረ። ሁለቱም የኔን አፍ ያውቁታል፤ ሊናገር ነው ብለው እንደፈሩኝ ታወቀኝ።

"አዎ፣ እማማ" አልሁ። "እዚህ ነበር። ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚቆመው።"

አሁን እሑድ እሑድ ሱቄ በር ላይ አንቀመጥም። እናቱን ይዘን እዚያ ጥግ እንሄዳለን። እሳቸው ዐረም ይነቅላሉ፣ ልጃቸውን ያዋራሉ፤ እኛ ከጎናቸው እንቀመጣለን። ስለ ጨዋታ አናነሣም። እኔ ግን እሳቸው እንዳያዩኝ እየተደበቅሁ ሜዳው መሐል መሐሉን አያለሁ።